ዳኛው ሦስቱን ሲያወዳድር

ቅዳሜ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከሃያ ላይ፣ ዳኛው የወንድሜን ሦስት የጌም መጫወቻዎች የምግብ ጠረጴዛችን ላይ ደረደረና ከኪሱ ስቴኪኒ አወጣ። ወንድሜን ከቀበርነው አሥራ አንደኛ ቀናችን ነበር።

«መጀመሪያ ይጽዱ እህቴ» አለኝ። «ቆሽሾ የሚወዳደር የለም።»

ስቴኪኒውን በቁልፎቹ ዙሪያ እያስገባ ፈቀፈቀ። ጥቁር፣ የሚጣበቅ እድፍ ወጣ። የወንድሜ የአውራ ጣቱ ላብ ነው፤ የስንት ዓመት ላብ። ዳኛው ወደ ብርሃን ከፍ አድርጎ አየውና የጠረጴዛው ልብስ ላይ ጠረገው። የጠራሁት እኔው ነኝ።

ዳኛው የወንድሜ ጓደኛ ነው። ቅጽል ስሙን ያገኘው በዚሁ ነገር ነው። በእጅ የሚያዝ የጌም መጫወቻ መግዛት የሚፈልግ ሁሉ እሱን ሳያማክር አይገዛም፤ የትኛው የድሮ ጌሞችን በደንብ እንደሚያጫውት፣ ሰው በራሱ የሠራውን ጌም የትኛው እንደሚቀበል ይፈርዳል። ፍርዱንም እየቀረጸ ኢንተርኔት ላይ ይለቃል።

እኔ ግን እንዲፈርድ አልጠራሁትም። ወንድሜ ሁለት ዓመት ሙሉ ለብቻው የሚሠራው አንድ ጌም ነበረው። «ሲያልቅ መጀመሪያ የምትጫወቺው አንቺ ነሽ» ይለኝ ነበር። እኔም «መጀመሪያ ቆሻሻህን ከጠረጴዛው ላይ አንሳ» እለው ነበር። መኪናው ሲጋጭ ኮምፒውተሩ አብሮት ደቀቀ። ጌሙ ካለ፣ ያለው ከሦስቱ መጫወቻዎች ባንዱ ውስጥ ነው። እኔ ማብራቱን እንኳ አላውቅበትም። ዳኛው «ፈልጌ አወጣልሻለሁ፤ አንዱን ግን ለማስታወሻ እወስዳለሁ» አለኝ። እሺ አልኩት።

ከፍለጋው በፊት ማስታወሻውን መምረጥ ያዘ።

«ግራጫው ሽማግሌ ነው። ግን ስክሪኑ ካሬ ስለሆነ የድሮ ጌም ልክክ ይልበታል። ይሄ ሰፊው ደግሞ ግራና ቀኙ ጥቁር ሆኖ ይቀራል፤ ሕፃን ልጅ የባልና ሚስት አልጋ ላይ እንደማስተኛት በይው።» ሦስተኛውን፣ የብረቱን፣ በመዳፉ መዘነና ከንፈሩን ላሰ። «ይሄ ግን ወንድ ነው!»

«ጌሙስ?» አልኩት።

«ይደርሳል። ፍርድ በችኮላ አይሆንም።»

ሦስቱንም በአንድ የድሮ ጌም ፈተናቸው፤ አንድ ዓይነት ዝላይ፣ አንድ ዓይነት ገደል። ብረቱ ላይ ሲጫወት ገደሉ ውስጥ ወደቀ።

«ኧረ ሞትኩ!» ብሎ ጮኸ፤ ከዚያ ሳቀ። «ችግር የለም፣ ገና ሁለት ነፍስ አለኝ።»

መኝታ ቤት የእናቴ አልጋ ሲንቋቋ ሰማሁ። «ልጆች፣ አገኛችሁት?» አለች።

«እየመጣ ነው እማዬ!» አላት፣ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳይነቅል።

ጌሙ የተገኘው ግራጫው ውስጥ ነው። ዳኛው ከፈተውና ወደኔ አዘነበለው። ኮሪደራችን ነው። ቢጫው መጋረጃ፣ የማይዘጋው የመታጠቢያ ቤት በር፣ ሁሉም ከጥፍር በማይበልጡ ነጠብጣቦች ተሠርቷል። በኮሪደሩ ላይ አንዲት ቀይ ሻሽ ያሰረች ትንሽ ሴት መጥረጊያ ተሸክማ ትሮጣለች። ጠረጴዛ ጋ በደረሰች ቁጥር ሽቦ፣ ባትሪ፣ ያደረ ሳህን ታነሳለች።

«ይቺ አንቺ ነሽ እንዴ? አይ ያ ልጅ! መጥረጊያ አሸክሞሻል!»

እጄን ዘረጋሁ። «ስጠኝ።»

«ቆይ፣ ቆይ፣ ቁጥሩን ልየው።» ስክሪኑ ጥግ ላይ ፍጥነቱን የሚያሳይ ቁጥር ነበር። የሚያየው እሱን ብቻ ነው። «ስልሳ መሆን ነበረበት፤ አርባ ነው። ትንቀራፈፊያለሽ እህቴ። ብረቱ ላይ እንዴት እንደምትሮጪ ልሞክር።»

አንዴ ብጫወተው ልለው አፌን ስከፍት ጌሙ ያለበትን ሚሞሪ ካርድ ነቅሎ ብረቱ ውስጥ ሰክቶት ነበር። ስክሪኑ ላይ አንድ ጥያቄ መጣ፤ ከሥሩ ሁለት ምርጫ። ዓይኑ ሳያነብ አውራ ጣቱ ተጫነ። አዲስ መጫወቻ በከፈተ ቁጥር የሚመጣበት ጥያቄ ነው፤ መቶ ጊዜ ያንኑ መልስ ተጭኗል። አረንጓዴ መስመር ከግራ ወደ ቀኝ ሞላና አለቀ።

ያኔ ነው ጣቱ የቆመው።

«ምን አደረግክ?»

«ፎርማት...»

«ምን ማለት ነው?»

«ጠፋ። ያለው ሁሉ።» ወዲያው ትከሻውን ነቀነቀ። «ግን ኮፒ ይኖረዋል። ኮፒ የማያስቀምጥ ሰው አለ እንዴ? ሚሞሪውን ልውሰደው፣ የሚያስመልስ ፕሮግራም አለኝ።»

እንጀራ በልቶ እንደጨረሰ ሰው ጣቱን ሱሪው ላይ ጠረገ። ያን አውራ ጣት አየሁት፤ ወፍራም፣ ጥፍሩ እስከ ሥጋው የተበላ። የሚያቅለሸልሸኝ እሱ ይሁን እሺ ያልኩት እኔ፣ መለየት አልቻልኩም።

«አገኛችሁት ልጄ?» አለች እናቴ እንደገና።

«አላገኘነውም እማዬ» አልኳት። «ሳይሠራው ቀርቶ ይሆናል።»

ዳኛው ብረቱንና ሚሞሪውን ይዞ ሄደ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ደወለልኝ። አስመልሶት መስሎኝ ስልኩን በሁለት እጄ ነው የያዝኩት። የብረቱን ቻርጀር ረስቶ ነበር የደወለው። ስለ ሚሞሪው ስጠይቀው «እሱማ ተስፋ አልነበረውም፤ ሌላ ጌም ጭኜበታለሁ» አለኝ።

በማግስቱ መጣ። በሩ ላይ ቆሜ ቻርጀሩን ሰጠሁት።