አሜን ያለችበት ዳገት

ባሏ ዳገቱ ላይ ድንገት ወድቆ በሞተ ማግስት፣ ሐረገወይን ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ለቀስተኛውን ታይ ነበር። የባሏ ታላቅ ወንድም አያ ነጋ ዳገቱን ሲወጣ መሀሉ ላይ ቆመና አንገቱ ላይ ያሰረውን ክታብ በመዳፉ ደረቱ ላይ ጫን አደረገ። ባሏም ከዐቢይ ጾም ወዲህ እዚያው ቆሞ እንዲሁ ያደርግ ነበር። የሚጸልይ መስሏት፣ ከደጃፏ ሆና «አሜን» ትልለት ነበር።

«ምነው አያ፣ ክታቡን ይዘህ ምን ትደግም ነበር?» አለችው ሲደርስ።

«ኧረ ምንም። ዳገት ስወጣ ደረቴን ጨምድዶ ይይዘኛል፤ ጫን አድርጌው ስቆም ይለቀኛል።»

ሐረገወይን ብድግ ብላ መደቡ ላይ አስቀመጠችው። «በቅሎ ጫኑ! ጎንደር ሐኪም ቤት አድርሱት!» ብላ ጮኸች። ለቀስተኛው ሐዘኑ ያሳበዳት መሰለው። እሷ ግን ዳገቱን እያየች፣ «ስንት ጊዜ አሜን አልሁ?» ትል ነበር።