በፎይል የተጠቀለለ እራት

አሮጊቷን የበደለቻት ምራቷ ናት። ጎረቤት አልነካት፣ ባዳ አልነካት፤ የገዛ ልጇ ሚስት፣ አፏ ማር ሆዷ እሬት የሆነችው፣ አርባ ዓመት የገዛችውን ኩሽና ቀማቻት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጇ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ አንዴ ከወጣ ሁለት ሳምንት፣ ሲብስም ሦስት ሳምንት አይመለስም። እሱ በሌለበት አንድ ቀን አሮጊቷ ድስት ጥዳ ረሳች፤ ድስቱ አረረ። ያረረው ድስት ነው፤ ቤት አይደለም። ምራቲቱ ግን በማግስቱ ጓሮ ለብቻው በቆመው ኩሽና በር ላይ አዲስ ቁልፍ አስገጠመች።

"ኩሽናው ከእንግዲህ የኔ ነው" አለቻት። "እርስዎ ቁጭ ብለው የቀረበልዎትን ይብሉ።"

ቁልፉን በክር አንገቷ ላይ አንጠለጠለችው። የምታወልቀው ራሷ ልትገባ ስትል ብቻ ነው፤ ያኔ በሩ ላይ ሰክታው ትገባለች። በሩ የብረት ነው። የሠራው በያጅ ልኩን ስቶ ከሥሩ ሁለት ጣት የሚያስገባ ክፍተት ትቶበታል፤ ምራቲቱ ለአይጥ እያለች ጨርቅ ትወትፍበት ነበር።

ይሄ ሳያንስ ባለፈው ሳምንት ሌላ ጉድ ተሰማ። ምራቲቱ ከአረጋውያን ማቆያ ጋር ተነጋግራ ጨርሳለች። ማክሰኞ መኪና ይመጣል፣ እሷ ትፈርማለች፣ አሮጊቷ ትጫናለች። ልጅየው ከመንገድ ሲመለስ እናቱ የለችም።

"እንደ ጆንያ!" አለች አሮጊቷ ለብቻዋ። "ከዚህ ግቢ የምወጣ ከሆነ ልጄ ዓይን ዓይኔን እያየ ያስወጣኝ።"

ማክሰኞ መኪናው መጣ። ፈራሚ ጠፋና ባዶውን ተመለሰ። ከሰኞ ወዲህ ምራቲቱን ደጅ ያያት የለም።

ዛሬ ሐሙስ ነው። ኩሽናው እንደተቆለፈ ነው። ድስቱም፣ ሰሃኑም፣ ቧንቧውም እዚያ ውስጥ ነው። አሮጊቷ በረንዳው ላይ ካለው ጆንያ ድንች፣ ካሮትና ሽንኩርት አውጥታ፣ በበርሜል ውሃ አጥባ፣ ከኩሽናው በር ፊት ለፊት ዱካ ላይ ተቀምጣ ከሰል አቀጣጠለች። ያላት ዕቃ የልጇ ሰንጢ፣ አንድ ፍርግርግ ብረትና ልጇ ከመንገድ ያመጣላት ፎይል ነው። አራት ቀን ሙሉ ከዚያች ዱካ አልራቀችም። ሱቅ እንኳ አልወጣችም።

"እስረኛ እንኳ ፀሐይ ይሞቃል፣ ጠያቂ ይመጣለታል" አለች ለከሰሉ። ወገቧ ተቆራርጧል።

ጎረቤቷ ልብስ ሰፊዋ የአጥሩን ቆርቆሮ በጣቷ ጫፍ ቆረቆረች። አሮጊቷ ወዲያው ዞረች።

"እማማ፣ ሬዲዮው ሰፈሩን አደነቆረው እኮ! ትንሽ አይቀንሱትም?"

"ተይው፤ ጆሮዬ ከብዷል።"

ልብስ ሰፊዋ በላስቲክ የቋጠረችውን ቁራጭ ሥጋ ከአጥሩ በላይ አቀበለቻት። "አሁንም ኩሽናው እንደተከረቸመ ነው? አይ የዘንድሮ ምራት! ስልኳ ይጠራል፣ አታነሳም።"

"አይሰማት ይሆናላ።"

"ለመሆኑ የት ገባች?"

"እሷ? የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች።"

"ባሌ የብረት መቁረጫ አለው። አሁኑኑ መጥቶ ይስበርልዎትና እንደ ሰው በድስት ያብስሉ።"

አሮጊቷ ሰንጢውን አስቀመጠች። ሻርፗን አንገቷ ላይ ጠበቅ አደረገች።

"የልጄን በር ማንም አይሰብርም። የተቆለፈ በር ባለቤቱ ሲመጣ ይከፈታል።"

"እሺ፣ በቃ እኛ ጋ መጥተው እራት ይብሉ።"

"የሰው ፊት እያየሁ ከምበላ ጦሜን ባድር ይሻለኛል።" ሥጋውን ግን አልመለሰችም።

ሥጋውን አሳስታ ቆረጠችው፤ ድንቹን፣ ካሮቱን፣ ሽንኩርቱንም እንዲሁ። ፎይሉ ላይ ሳይደራረብ ዘረጋችው። ዘይት ጠብ፣ ጨው ነስነስ አደረገችና ጠርዙን ሁለት ጊዜ አጥፋ በመዳፏ ደፈጠጠችው።

"እንዴት ያለ እጥፋት ነው! የኔ ቅምቅማት እንኳ እንዲህ አያምርም" አለች ልብስ ሰፊዋ። "ግን ደብዳቤ አስመሰሉት እኮ። ወፈር ቢያደርጉት ሥጋው አይደርቅብዎትም።"

"ቀጭን ቶሎ ይበስላል። እሳት ካየው ምን ለየው።"

"ደግሞስ ለአንድ ሰው ሁለት ጥቅል?"

"አንዱ ለነገ ጠዋት ነው።"

ልብስ ሰፊዋ ድምጿን ዝቅ አደረገች። "ማቆያዎቹ ነገ ጠዋት ይመለሳሉ አሉ። ልጅዎ የሚገባው ደግሞ ማታ ነው። ምን ሊሆኑ ነው፣ እማማ?"

"ይምጡ። የሚፈርም ካገኙ ይውሰዱኝ።"

ልብስ ሰፊዋ ዓይኗን በክንዷ ጠረገች። "እግዜር ይይላት" ብላ ከቆመችበት ድንጋይ ወረደች።

ጥቅሎቹ ፍሙ ላይ ቸስ ቸስ አሉ። አሮጊቷ ከበሩ ሥር ያነሳችውን ጨርቅ በጣቷ ጠምጥማ አገላበጠቻቸው። አንዱን ከፍታ በላች፤ ጨው አንሶታል፣ ለማንም አልነገረችም። ሁለተኛውን አመዱ ዳር አሳደረችው።

አርብ ጠዋት የማቆያው መኪና የግቢው በር ላይ ሦስት ጊዜ ጥሩምባ ነፋ። የሚከፍት አልተገኘም፤ ሄደ።

አሮጊቷ ያደረውን ጥቅል ፍም ላይ አሞቀችና ጉልበቷን ይዛ ጎንበስ አለች፤ በኩሽናው በር ሥር፣ በሁለቱ ጣት ክፍተት፣ ወደ ውስጥ ገፋ አደረገችው። "በይ፣ ቁጭ ብለሽ የቀረበልሽን ብይ" አለች።