ሳይገፋ የተነሣው ላንድሮቨር

«ሌባ! ሌባ!» እያልኩ ላንድሮቨሩ ፊት እጆቼን ዘርግቼ ቆሜያለሁ። ጀግና ሆኜ አይደለም፤ ቀስ ብሎ ስለሚሄድ ነው። ያስጮኸኝም አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ቁልፍ ሲዞር ተነሣ።

የጎረቤታችን የመሬት ቀያሹ ላንድሮቨር በቁልፍ አይነሣም። ይህን የሰፈሩ ሰው ሁሉ ያውቃል። ባትሪው ከሞተ ዓመታት አልፈዋል። ቀያሹ ግን «ይሄ መኪና በሰው ጉልበት ሲነሣ ነው የሚያምርበት» ብለው አልቀየሩትም። ጉልበቱ የእኛ ስለሆነ እውነትም ያምርባቸዋል። ጠዋት ጠዋት ዳቦ ጋጋሪው በቀኝ የኋላ መብራት፣ እኔ በግራው ቆመን እንገፋለን። ቁልቁለቱ ጋ ሲደርስ ይንደቀደቅና ጭሱን ፊታችን ላይ ለቆ ይሄዳል። እንግዲህ ሳንገፋው ከተነሣ ከሌባ በቀር ማን ያስነሣዋል? የገዛ ገንዘቡን አውጥቶ፣ ባትሪ ገዝቶ የሚሰርቅ ሌባ የት አገር እንዳለ ያን ጊዜ አላሰብኩም።

ዳቦ ጋጋሪው ዱቄቱን ሳያራግፍ ሮጦ መጣና ጎማው ሥር ድንጋይ ወሸቀ። የመስኮቱ መስታወት ወደ ጎን ተንሸራተተ።

«ምነው፣ ሰፈሩን ልትቀሰቅሱት ነው?»

የቀያሹ ሚስት ናቸው። ሻርፓቸውን አገጫቸው ሥር አስረው፣ ወንበሩ ላይ ትራስ ደርበው፣ መሪውን በሁለት እጅ ጨብጠዋል።

«እትዬ! እርስዎ ነዎት እንዴ?»

«ማን መሰለህ?»

«እኔማ… ሌባ።»

«ባሌ ሳይነቃ መኪናውን አዙሬ በር ላይ ላቆመው ነበር፤ አሁን እንግዲህ ቀሰቀስክልኝ» አሉና መንጃ ፈቃድ ከደረታቸው አውጥተው አሳዩኝ። ፎቶው ላይም በሻርፕ ናቸው። ክረምቱን ሙሉ «እህቴ ጋ ደርሼ ልምጣ» እያሉ ሲወጡ ለካ መንዳት ሊማሩ ኖሯል። አዲሱንም ባትሪ ትናንት ቀያሹ ከምሳ በኋላ ሲያሸልቡ አስገጥመውታል።

በሩ ተከፈተና ቀያሹ በፒጃማ ወጡ። ቀጥታ ወደ እኔ እያዩ፣

«ጎሽ፣ ዳቦ ጋጋሪ! እንዳትለቀው!» አሉ።

ዳቦ ጋጋሪው ረጅም፣ ቀጭን፣ ከላይ እስከ ታች ነጭ ነው። እኔ ልብስ ሰፊው አጭር ነኝ፤ ስለ ወገቤ ደግሞ ባናወራ ይሻላል። እንቅልፍ ነው አልኩ በሆዴ።

«ሌባ የለም፣ እኔ ነኝ» አሉ ሚስትየው። «ልብስህን ልበስ። የዓይን ሐኪሙ ቀጠሮ ዛሬ ነው። ስንቱን አሳለፍከው፤ ይሄን አታሳልፈውም።»

«ዓይኔ ምንም አልሆነም። ደሞ ከሄድንም የምነዳው እኔ ነኝ። ውረጂ!»

«አልወርድም።»

ቀያሹ ኮፈኑን መታ መታ አደረጉት። ሲጨንቃቸው ታሪክ ውስጥ ይገባሉ።

«ይሄ እኮ ዝም ብሎ መኪና አይደለም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ብረት በራሽን ነበር የሚታደለው፤ በአሉሚኒየም ሠሩት። የመጀመሪያው ቀለም ከአውሮፕላን የተረፈ አረንጓዴ ነው። ንድፉን ደግሞ መሐንዲሱ ባሕር ዳርቻ…»

«…አሸዋ ላይ ሣለው» ብለን እኔና ዳቦ ጋጋሪው ጨረስንላቸው። እየገፋን ስንሰማው የኖርነው ነው።

«መሪውስ?» አሉ ሚስትየው።

«የምን መሪ?»

«መጀመሪያ ለሙከራ የሠሩት። መሪው የት ነበር?»

ቀያሹ ኮፈኑን እንደገና መታ መታ አደረጉት። ይሄን እንኳን እኛ፣ የሰፈሩ ድመትም ያውቀዋል።

«መሀል» አሉ በመጨረሻ።

«አየህ! ሲሠሩት ይሄ የባል ወገን፣ ያ የሚስት ወገን አላሉም።»

ዳቦ ጋጋሪው ሳቁን በሳል ሸፈነ። ቀያሹ ዞረው አፈጠጡበት። በመካከላቸው አንድ እርምጃ ቢሆን ነው።

«አንተ ልብስ ሰፊ! አንተን ደግሞ ምን ያስቅሃል?»

ማንም አላረማቸውም። ሰሞኑን ጥግ ያለውን የቆሻሻ በርሜል ገጭተው «ማነው እዚህ ያስቀመጠው?» ብለው ተቆጥተው ነበር። በርሜሉ ከሁላችንም በፊት እዚያ የቆመ ነው። ጠዋት ጠዋት ቁልቁለቱ ላይ ገፍተን የምንለቀው ማንን እንደሆነ ገና አሁን ገባኝ። ዳቦ ጋጋሪውም እጁን ሽርጡ ላይ ይጠርጋል፤ አላየኝም፣ አላየሁትም።

ሚስትየው ሞተሩን አላጠፉም።

«ዳገቱ ላይ በሁለተኛ ማርሽ ነው» አሉ ቀያሹ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«አውቃለሁ።»

«ስትቀይሪ አታስጩኺው።»

«አላስጮኸውም።»

ገብተው ፒጃማው ላይ ኮት ደርበው ተመለሱ። ሱሪ አለመቀየራቸውን ማንም አላነሣባቸውም። እጃቸውን በኮፈኑ፣ ቀጥሎም በፊተኛው መብራት ላይ እያስኬዱ በወዲያኛው በኩል ዞሩ። በሩን ከፈትኩላቸው። ዳቦ ጋጋሪው ድንጋዩን አነሣ። ከዚያ፣ ልማድ ሆኖብን፣ ሁለታችንም ወደ ኋላ ሄደን በየመብራታችን ቆምን።

ቀያሹ በዚያ ወንበር ተቀምጠው አያውቁም። በተከፈተው የኋላ ሸራ በኩል ይታዩናል። ጉልበታቸውን ገጥመው ተቀመጡ። እጃቸው መጀመሪያ አየር ላይ መሪ ፈለገ፤ አጣ። በሩን ዳበሰ፤ ጣሪያውን ዳበሰ።

«እዚህ ወገን የተቀመጠ ሰው ምኑን ነው የሚይዘው?» አሉ።

ሚስትየው ማርሹን ያለ ጩኸት አስገቡ።

«እኔ ይሄን ሁሉ ዓመት እዚያ ተቀምጬ ምኑን ስይዝ አይተሃል?»