ቀይ ክር

«ጥራት የላችሁም፤ የወታደሩ ልብስ ከእንግዲህ ውጭ አገር ይሰፋል» ብሎ የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ ሠራተኞቹን ሲያሰናብት፣ ሃያ ሁለት ዓመት ስፌት መኪና ላይ ያጎነበሰችው ሴት ደሟ ፈላ።

ወታደር ልጇ ፈቃድ ተሰጥቶት ከካምፕ ሲመጣ፣ በቅጡ እንኳ ሳትስመው አዲሱን ጃኬት አስወለቀችው። «እስቲ የፈረንጆቹን ጥራት ልየው!»

ኪሱን ገለበጠችው። ከውስጥ፣ በቀይ ክር፣ በራሷ የእጅ ጽሕፈት «መክብብ» ይላል። አምና ሥራ አስኪያጁ ውጭ አገር ለሚታይ ኤግዚቢሽን ናሙና ነው ብሎ አንድ የወታደር ጃኬት ሲያሰፋት፣ ያን ሰሞን ለዘመተው ልጇ እየጸለየች ማንም ሳያያት ስሙን ኪሱ ውስጥ ጠልፋ ነበር።

«ስምህን ማን ጻፈልህ?»

«ማንም» አላት መክብብ እየሳቀ። «ሁሉም ላይ አለ። የሻለቃችንም ኪስ መክብብ ነው የሚለው።»