የእትዬ ሶሊያና ካልሲየም

ወተት በደም ምርመራ መታደል ከጀመረ ወዲህ፣ ማቀዝቀዣው የሚከፈተው ከቤተሰቡ መሀል ካልሲየሙ ዝቅ ላለው ሰው ብቻ ነው። አምና ኖላዊት ነፍሰ ጡር ሳለች ደሟን የሚቀዱላት አማቷ እትዬ ሶሊያና ነበሩ። ክንዷን በላስቲክ ጥፍር አድርገው ያስሩና፣ ጡጫዋን እያስጨበጡ ወሬ ይጠርቁ ነበር። ክንድ እንዲህ ታስሮ ሲቆይ የሌለው ካልሲየም ያለ መስሎ እንደሚነበብ ኖላዊት ያወቀችው ሁለት የመንጋጋ ጥርሶቿ ከረገፉ በኋላ ነው።

ዛሬ መርፌው በእሷ እጅ ነው።

«ጡጫዎን ጠበቅ ያድርጉ፣ እማማ። እስቲ የሠርግዎን ነገር ያጫውቱኝ።»

«ላስቲኩ ጠበቀብኝ፣ ልጄ።»

«ለእርስዎው ብዬ ነው። ሙሽራው ዘግይቶ ነበር አሉ?»

እትዬ ሶሊያና ወሬ አይጠሉምና እጃቸው እስኪጠቁር አወጉ። መርፌው ሲገባ ግን ነገሩ ገባቸው።

«አንቺ፣ ይህንን ማን አስተማረሽ?»

«የቤቱ ወግ ነው ብዬ።»

ማቀዝቀዣው ደሙን አንብቦ «እንኳን ደስ አለዎት፣ ወይዘሮ ሶሊያና፤ ካልሲየምዎ ከበቂ በላይ ነው» አለና ለኖላዊት ተከፈተ። ወተቱን ፊታቸው ቆማ ጭልጥ አደረገችና ባዶውን ብርጭቆ እንዲያጥቡት ዘረጋችላቸው። የእትዬ ሶሊያና ጣቶች ግን ካልሲየም እንደጎደለው ሰው ተኮማትረው መያዝ አቃታቸው።

ኖላዊት ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ እያፍታታች አስያዘቻቸው።