በእሱ ስም የተላከው ደም

ዶክተሯ የኮምፒውተሩን ስክሪን ወደ እሱ አዞረችና ከተለመደው መጠን በላይ ወጥታ የቆመችውን ነጥብ በብዕሯ ጫፍ ነካች። «ይቺን ነው ያልወደድኳት፣ ጋሼ» አለች።

እሱ ነጥቧን ሳይሆን ከላይ የተጻፈውን ስም አየ። ስሙ የእሱ ነው። ደሙ ግን የሚስቱ ነው።

«እንቅልፋቸው የሚታወክ ሰዎች ላይ አንዳንዴ የምናየው ነው» ብላ ቀጠለች፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «የአንጎል ነርቮች ሲጎዱ ደም ውስጥ የሚጨምር ነገር አለ። ይኼ ብቻውን የበሽታ ስም አያሰጥም፤ ደግመን እናየዋለን። ግን እርስዎ ከነገሩኝ መርሳት ጋር ሲመጣ ዝም የሚባል አይደለም። ደግነቱ በጊዜ ደረስንበት።»

በማን ላይ እንደተደረሰበት የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። ጆሮው ድረስ ጋለ።

ያረጀው እዚሁ ሆስፒታል፣ ደም የሚቀዳበት ክፍል ውስጥ ነው። መርፌው ስለማያሳምም «እጀ ለስላሳ» ይሉታል፤ ሕፃናት እንኳ ሳያለቅሱለት ይወጣሉ። አዲስ ሠራተኛ ሲመጣለት ከሁሉ በፊት የሚያስተምረው አንድ ነገር ነው፤ የበሽተኛውን ስም ከራሱ አፍ ሳትሰማ ብልቃጥ ላይ ስም እንዳትለጥፍ። ይህን ሲናገር ጣቱን ይቀስራል፣ ይኮሳተራልም።

ጣጣው የመጣው ከማንኮራፋቱ ነው። ሲተኛ ጣራ ይነቀንቃል፤ ከዚያ ድንገት ትንፋሹ ይቋረጣል። ቀን ቀን ወንበር ላይ ያንቀላፋል፣ አብሮት የሚሠራ ሰው ስም ይጠፋበታል። ዶክተሯ የደም ምርመራውን ስታዝለት «እርስዎማ ባለሙያ ነዎት፣ እዚያው ተቀድተው ይላኩልኝ» አለችው፤ አመነችው። እሱ ደግሞ ፈራ። ውጤቱ ከተበላሸ መርፌ አያስይዙትም። ያለ መርፌ እሱ ማን ነው? ብልቃጧን ኪሱ ከተተና ቤቱ ገባ።

ሚስቱ ልብስ እያጣጠፈች ነበር። «ኮሌስትሮልሽን ልይልሽ» አላት። «አንተ ካልክ» ብላ ክንዷን ዘረጋችለት፤ ለምን ብላ እንኳ አልጠየቀችም። የራሱን ስም ለጥፎ ላከው። የሷ ደም ንጹሕ ነው ብሎ ነው። እሷ መቼ ታማ ታውቃለች!

ታማ አታውቅም? በቀደም ቁልፉን ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጣ ቤቱን ስታተራምስ ስትውል፣ ለልጆቻቸው በስልክ እየተንከተከተ ያወራው እሱ አይደል? «እናታችሁ ቁልፍ ማቀዝቀዝ ጀምራለች» ብሎ። እሷም አብራ ስቃ ነበር። ከሳቋ ሥር ፍርሃት እንደነበረ አሁን ነው የገባው።

ሌሊቱንስ ማን ነው የሚጠብቀው? ትንፋሹ ሲቆም ትከሻውን እየነቀነቀች «አንተ! ተንፍስ እንጂ!» የምትለው እሷ ናት። አፍንጫ ላይ የሚደረገውን የመተንፈሻ መሣሪያ ሲሰጡት «የዝሆን ኩምቢ አንጠልጥዬ አልተኛም» ብሎ ከነካርቶኑ አልጋ ሥር ወሽቆታል። ሌላ ክፍል ተኚ ሲላት ደግሞ «አንድ ነገር ብትሆንስ?» ትለዋለች። እሱ ሲያንኮራፋ እሷ ስታዳምጥ ስንት ዓመት አለፈ። አፈረ። እንዲህ አጥንት ድረስ የሚገባ እፍረት መኖሩንም አያውቅም ነበር።

«ባለቤትዎ ውጭ ናቸው አይደል? እሳቸውም ይስሙ፤ ቤት ውስጥ የሚያግዝዎ ሰው ያስፈልጋል» አለችና ዶክተሯ ተነሥታ በሩን ከፈተች።

«የለም፣ ቆይ…» አለ። አልሰማችውም።

ሚስቱ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አቅፋ ገባች። ዶክተሯ ያንኑ ነገር ደግማ ነገረቻት። ሚስቱ እስኪያልቅ ድረስ ሰማች፤ ከዚያ ወንበሯን ወደ እሱ ሳበችና እጁን በሁለት እጆቿ ያዘች።

«አይዞህ» አለችው። «ይኼ ነው እንዴ ፊትህን እንዲህ ያጠቆረው? እኔ አለሁልህ። አንተ የረሳኸውን እኔ አስታውስልሃለሁ።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። ዝም ማለት ይችላል። ዝም ካለ ማጭበርበሩ አይታወቅም፣ ምናልባትም ሥራው ይተርፋል። ዶክተሯ እሱን ስታክም ትከርማለች። ይቺ ሴትዮ ደግሞ የእሱን መድኃኒት በሰዓቱ እያቀረበች፣ እሷ ራሷ ቀስ በቀስ… ሐሳቡን ሊጨርሰው አልደፈረም።

«ዶክተር» አለ። «ደሙ የኔ አይደለም። ስሜን የለጠፍኩት ሌላ ሰው ደም ላይ ነው።»

ዶክተሯ ስክሪኑን አየች፣ መልሳ እሱን አየች።

የሚስቱ ፊት ግን በራ። «እሰይ!» አለች፣ እጁን ጭምቅ አድርጋ። «ተመስገን! ያንተማ እንዲህ አይሆንም፣ ልቤ ነግሮኝ ነበር።» ወዲያው ደስታዋ ያሳፈራት ይመስል ድምጿን ቀነስ አደረገች። «የማን ነው ታዲያ? ምስኪን! ሳይሰማ እንዳይቀር። ቶሎ ንገሩት እንጂ።»

የዶክተሯ ዓይን ከእሱ ላይ ተነሥቶ ቀስ ብሎ ወደ ሚስቱ ተሻገረ። ሚስቱ እጁን እንደያዘች፣ ዓይን ዓይኑን እያየች መልሱን ትጠብቃለች።