እስከ መስኮቱ

ልጇ በስልክ «ቅዳሜ ወደ ጣሊያን በሚነሣው ሚኒባስ እመጣለሁ» ስትላት፣ ቪዮሪካ እንደ ወትሮዋ ስልኩን በመስኮቱ ወደ ባሕሩ አዙራ ይዛ ነበር። ጣሊያን በሰው ቤት አስታማሚ ሆና ስድስት ዓመት ስትኖር፣ ሞልዶቫ ላለችው ልጇ ከዚህ ባሕር ሌላ አሳይታት አታውቅም።

«ልትጠይቂኝ ነው?»

«ልሠራ ነዋ። የታችኛው ቤት ሽማግሌ አስታማሚ ይፈልጋሉ ያልሽኝ አንቺው ነሽ። አንቺ ባሕር እያየሽ እኔ እዚህ ጭቃ ላቡካ?»

ቪዮሪካ ስለ ባሕሩ አልዋሸችም። ባሕሩ ከሎሚ ዛፎቹ ማዶ ተንጣሎ ሲያብረቀርቅ ዛሬም ሆዷን ያባባዋል። በስድስት ዓመት ውስጥ እግሯን የነከረችበት ግን ሁለቴ ብቻ ነው። ስልኩን ቀስ ብላ ወደ ውስጥ አዞረችው። አልጋውን፣ የሽንት ጨርቁን፣ የተኙትን፣ የምታስታምማቸውን አሮጊት ሲኞራ ኤርሲሊያን አሳየቻት። ከዚያ እጇን አነሳች። የቀይ ሱፍ ክር አንዱ ጫፍ በእሷ የእጅ አንጓ፣ ሌላው በአሮጊቷ አንጓ ላይ ታስሯል። ሴትዮዋ ሳይታወቅ ተነሥተው እንዳይወድቁ ልጆቻቸው ያመጡት ዘዴ ነው።

«ሌትም ቀንም እንዲህ ነኝ» አለች። «አየሽው?»

ልጅቷ ወደ ስልኩ ተጠጋች። ከጀርባዋ የጎረቤቶቻቸው ቤቶች ይታያሉ፤ ባለቤቶቹ ተሰደው ሁሉም መስኮታቸው በጣውላ ተመትቷል።

«ክሩ እስከ መስኮቱ ይደርሳል?» አለች።

«ይደርሳል።»

«እንግዲያው ይበቃኛል፣ እማ።»

ቪዮሪካ ልትመልስላት አፏን ስትከፍት ክሩ ተጎተተ፤ አሮጊቷ ነቅተው ነበር።